ቬኒር ላለው ጥርስ የጥርስ ሳሙና አመራረጥ፦ ለጎንደር ነዋሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ለጥር ሠርግ ወይም ለጥምቀት ብለው የፊት ጥርሳቸውን ቬኒር (ጥርስ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን) ያስለበሱ ሰዎች ደጋግመው የሚሳሳቱት በአንድ ነገር ነው። ነጩን ጥርስ ነጭ አድርገው ለማቆየት ሲሉ «ኋይትኒንግ» የተጻፈበትን የጥርስ ሳሙና ይገዛሉ። ቬኒር ግን በሳሙና አይነጣም፤ ቀለሙ የተወሰነው ሲሠራ ነው። ሳሙናው ወይ ቆሻሻውን አንሥቶ ገጹን ሳይነካ ይተወዋል፣ ወይ ገጹን ራሱን ይፍቃል። የተፋቀ ገጽ ደግሞ ቡናውን፣ ሻዩንና እርዱን ይዞ ያስቀራል። ባለቤቱም ጥርሱ ደብዘዝ ሲልበት ከበፊቱ የባሰ የሚፍቅ ሳሙና ፍለጋ ይወጣል።

ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተራ ተከተሉ። በተለይ ደረጃ 1ን ሳትጨርሱ ሱቅ አትግቡ።

ሳትጀምሩ አዘጋጁ

- ቬኒሩን የሠራላችሁ ክሊኒክ የሰጣችሁን ካርድ ወይም ስልክ ቁጥር
- ካሜራ ያለው ስልክ (የቱቦ ጽሑፍ ደቃቅ ስለሆነ አጉልቶ ለማንበብ)
- የእጅ መስታወትና ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ
- አሁን የምትጠቀሙበትን የጥርስ ሳሙና፣ ካርቶኑ ካለ ከነካርቶኑ

ደረጃ 1፦ የተገጠመላችሁ ምን እንደሆነ እወቁ

ክሊኒኩ ደውሉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «የተሠራልኝ ፖርሲሊን ነው ወይስ ኮምፖዚት?» መልሱን ስልካችሁ ላይ ጻፉት። የምትመርጡት ሳሙና በዚህ መልስ ላይ የተመሠረተ ነው።

ፖርሲሊን በላቦራቶሪ ተሠርቶ በጥርስ ላይ የሚለጠፍ ሴራሚክ ነው። ራሱ ጠንካራ ነው፤ የሚያንጸባርቀውና ቀለም እንዳይይዝ የሚከላከለው ግን ላዩ ላይ ያለው መስታወት መሰል ስስ ልባስ ነው። የቡና ስኒን በአሸዋ እየፈተገ የሚያጥብ ሰው ስኒውን አይሰብረውም፤ ልባሱን ግን ያነሣዋል፣ ከዚያ ወዲያ የቡናው ቀለም አልለቅ ይላል። ፖርሲሊን ቬኒር ላይም የሚደርሰው ይኸው ነው።

ኮምፖዚት ደግሞ ሬዚን የሚባል ሙጫ መሰል ፕላስቲክና ደቃቅ የመስታወት ብናኝ ተደባልቆ ሐኪሙ አፍ ውስጥ በእጁ የሚቀርጸው ነው። ሬዚኑ ከፖርሲሊን በእጅጉ ለስላሳ በመሆኑ ፈታጊ ሳሙና ቀድሞ የሚበላው እሱን ነው። ሬዚኑ ሲያልቅ ብናኙ አፍጦ ይወጣል፣ ገጹ ይሻክራል፣ ወዙም ይጠፋል።

ክሊኒኩ ካልተገኘ እንዲህ ገምቱ። የጥርሳችሁ ልክ ተወስዶ ከቀናት በኋላ ተመልሳችሁ ከተገጠመላችሁ ፖርሲሊን ሊሆን ይችላል። በአንድ ቁጭታ፣ ሐኪሙ እየደራረበ ሠርቶ ከጨረሰላችሁ ኮምፖዚት ነው ብላችሁ ያዙት። «ሰማያዊ መብራት አብርቶብኛል» ብቻውን ምልክት አይሆንም፤ የፖርሲሊን ማጣበቂያም በዚያው መብራት ይደርቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ኮምፖዚት እንደሆነ ቆጥራችሁ ቀጥሉ። ለኮምፖዚት የሚስማማ ሳሙና ፖርሲሊንን አይጎዳም፤ በተቃራኒው ግን አይሠራም።

እየወለቀ የሚገባ ሽፋን ያላችሁ ሰዎች ይህ መመሪያ አይመለከታችሁም። እሱ ከአፍ ወጥቶ በለስላሳ ብሩሽና በለብታ ውሃ ይታጠባል፤ በፈላ ውሃ ከታጠበ ይጣመማል።

ደረጃ 2፦ አሁን ያለውን ገጽ መርምሩ

አዲስ ሳሙና ከመግዛታችሁ በፊት አሮጌው ያደረሰውን ጉዳት እወቁ። ይህን ምርመራ ቀን ቀን፣ መስኮት አጠገብ አድርጉት።

1. የክፍሉን መብራት አጥፉ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ይበቃል።
2. ቬኒሮቹን በጨርቁ አድርቁ። ምራቅ የነካው ጥርስ ሁሉ ስለሚያንጸባርቅ እርጥብ ጥርስ አይመረመርም።
3. መስታወቱን ያዙና በጥርሱ ላይ የመስኮቱን ነጸብራቅ ፈልጉ። የመስኮቱ ፍሬም መስመር ቁልጭ ብሎ ከታየ ገጹ ደኅና ነው። ብርሃኑ ተበትኖ መስመሩ ከደበዘዘ ገጹ ሻክሯል።
4. በምላሳችሁ ጫፍ ከድዱ አጠገብ ያለውን ጠርዝ ዳስሱ። ልሙጥ መሆን አለበት። የሚቆረቁር ነገር ካለ ወይ ጠጣር ክምችት ነው፣ ወይ የተሸረፈ ጠርዝ፤ ሁለቱንም ሳሙና አያስተካክለውም።
5. በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በየወሩ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት ደግማችሁ አንሥታችሁ አነጻጽሩ።

አንዳንድ ሐኪሞች የተፈጥሮ ጥርስ እንዲመስል ብለው ገጹን ሆን ብለው መጠነኛ ሸካራነት ይሰጡታል። ስለዚህ ማነጻጸር ያለባችሁ ከሌላ ሰው ጥርስ ጋር ሳይሆን ከራሳችሁ የመጀመሪያ ፎቶ ጋር ነው።

ደረጃ 3፦ የካርቶኑን ፊት ተዉትና ጀርባውን አንብቡ

የካርቶኑ ፊት ማስታወቂያ ነው። «አድቫንስድ»፣ «ፕሮ»፣ «ናቹራል»፣ «ሄርባል» የሚሉት ቃላት ለቬኒር ምንም አይነግሯችሁም። ኮልጌትም ሆነ ሴንሶዳይን በአንድ ስም ሥር ለስላሳውንም የሚያነጣውንም ያወጣሉ፤ ስለዚህ «እገሌ የሚባለው ጥሩ ነው» ተብሎ የተነገረ ምክር ግማሽ ምክር ነው።

ቱቦውን ገልብጡ፣ የንጥረ ነገሮቹን ዝርዝር ፎቶ አንሡና አጉሉት። ዝርዝሩ ብዙ ጊዜ መጠኑ ከበዛው ተነሥቶ ወደ አነሰው ይወርዳል፤ በአሜሪካ ምርቶች ላይ ግን በፊደል ተራ ሊቀመጥ ይችላል፣ ፍሎራይዱም ለብቻው ተለይቶ ይጻፋል። እንግሊዝኛውን ድምፅ አውጥታችሁ እያነበባችሁ ከታች ካሉት ስሞች ጋር አመሳክሩ።

ሀ. መጀመሪያ ፍሎራይዱን ፈልጉ

ቬኒሩ አይበሰብስም፤ ከሥሩ ያለው ጥርስ ግን ይበሰብሳል። የሚጀምረውም ቬኒሩና ጥርሱ ከሚገናኙበት ጠርዝ ነው። ስለዚህ ፍሎራይድ የሌለው ሳሙና የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን አይመረጥም።

ከሦስቱ አንዱን ታገኛላችሁ፦ ሶዲየም ፍሎራይድ፣ ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት ወይም ስታነስ ፍሎራይድ። ሦስቱም ይሠራሉ። ስታነስ ፍሎራይድ በአንዳንድ ሰው ጥርስ ላይ ቡናማ ቀለም ሊያሳድር ስለሚችል ኮምፖዚት ያላችሁ ሁለተኛ ምርጫ አድርጉት።

መጠኑ ለአዋቂ ከ1000 እስከ 1500 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ) ይሁን። ቱቦው ላይ ፒፒኤም ሳይሆን በመቶኛ ከተጻፈ በዚህ አስሉት፦

- ሶዲየም ፍሎራይድ 0.24 በመቶ ወደ 1100 ፒፒኤም ነው
- ሶዲየም ፍሎራይድ 0.32 በመቶ ወደ 1450 ፒፒኤም ነው
- ሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት 0.76 በመቶ ወደ 1000 ፒፒኤም ነው

«የልጆች ሳሙና ለስላሳ ነው» ብለው የልጃቸውን ቱቦ የሚጠቀሙ አዋቂዎች አሉ። ከልጆች ሳሙናዎች አንዳንዶቹ ፍሎራይዳቸው 500 ፒፒኤም ብቻ ስለሆነ ለአዋቂ አይበቃም።

ለ. ቀጥሎ ፈታጊውን ለዩ

እያንዳንዱ የጥርስ ሳሙና ቆሻሻ የሚያነሣ ደቃቅ ዱቄት አለው ማለት ይቻላል። ጥያቄው ዱቄቱ መኖሩ ሳይሆን ዓይነቱና ሸካራነቱ ነው።

ሃይድሬትድ ሲሊካ፦ አብዛኛው ሳሙና ውስጥ አለ። ከለስላሳ እስከ ኃይለኛ ተደርጎ ስለሚመረት ስሙን አይታችሁ ብቻ አትጣሉት፣ አትቀበሉትም። ሌሎቹን ምልክቶች ተመልከቱ።

ካልሲየም ካርቦኔትና ዳይካልሲየም ፎስፌት፦ በርካሽ ሳሙናዎች የተለመዱ ናቸው። በደንብ ከተፈጩ ችግር የላቸውም፤ ካልተፈጩ በጣት መካከል ሲታሹ ይታወቃሉ።

ሶዲየም ባይካርቦኔት፦ ከፈታጊዎቹ ሁሉ ለስላሳ ከሚባሉት ነው። ሳሙና ውስጥ ሲገኝ ደስ ይበላችሁ። ከወጥ ቤት ቆርቆሮ ተዘግኖ ብቻውን የሚታሸው ሶዳ ግን ፍሎራይድ ስለሌለው የጥርስ ሳሙናን አይተካም።

ሐ. እነዚህን ካያችሁ ቱቦውን መልሱት

- አሉሚና (አሉሚኒየም ኦክሳይድ)፦ እጅግ ጠንካራ ነው።
- ፐርላይት፦ በሚያነጡ ሳሙናዎች ውስጥ የሚገባ ፈታጊ ነው።
- ቻርኮል ወይም አክቲቬትድ ቻርኮል፦ ይፍቃል፤ ጥቁሩ ብናኝም በቬኒሩ ጠርዝና በድዱ መካከል ገብቶ መስመር ያሰምራል።
- ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ወይም ካርባማይድ ፐሮክሳይድ፦ ቬኒሩን አያነጣውም። ከቬኒሩ ጎን ያሉትን የተፈጥሮ ጥርሶች ቀለም ግን ሊለውጥ ስለሚችል ሐኪሙ አመሳስሎ የሠራው ቀለም ይዘባረቃል።

በቤት ውስጥ የሚዘጋጁትም እዚሁ ይካተታሉ። የምድጃ ከሰል፣ አመድ፣ ጨውና ሎሚ አንድ ላይም ሆነ ለየብቻ ቬኒር አይንኩ። ከሰሉና አመዱ ይፍቃሉ፤ የሎሚው አሲድ ደግሞ ከጠርዙ በላይ ያለውን የተፈጥሮ ጥርስ ያሟሟል።

መ. ጥንዱን አመሳክሩ

ይህን የሚያደርግ ገዢ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም ይልቅ የምተማመንበት ማጣሪያ ነው። ካልሲየም ካርቦኔት ባለበት ሳሙና ውስጥ ሶዲየም ፍሎራይድ ከካልሲየሙ ጋር ተያይዞ ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ካልሲየም ካርቦኔት የሚስማማው ከሶዲየም ሞኖፍሎሮፎስፌት ጋር ነው፤ ሶዲየም ፍሎራይድ ደግሞ ከሲሊካ ጋር። ዝርዝሩ ላይ ካልሲየም ካርቦኔትና ሶዲየም ፍሎራይድ ብቻ ተጣምረው ካያችሁ፣ ወይ አሠራሩን የማያውቅ ሰው ሠርቶታል፣ ወይ ጽሑፉ ከሌላ ካርቶን የተገለበጠ ነው። አትግዙት።

ሠ. የሚያሳስቱ ምልክቶች

ከቱቦው ግርጌ ያለችው አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ቁራጭ ቀለም «ተፈጥሯዊ» ወይም «ኬሚካል» ማለት አይደለችም። ቱቦውን የሚቆርጠውና የሚያሽገው ማሽን ቦታውን የሚለይባት ምልክት ናት። በቴሌግራም የሚዞረውን ሰንጠረዥ እርሱት።

ጄል መሆኑም ለስላሳነቱን አያረጋግጥም። ብርሃን የሚያሳልፍ ሰማያዊ ጄል ውስጥ ኃይለኛ ሲሊካ ሊኖር ይችላል።

በጣት አሽቶ መሞከርም በአንድ በኩል ብቻ ይሠራል፦ አሸዋ አሸዋ ካለ ጣሉት። ለስለስ ካለ ግን ገና አላለፈም፤ ጣት የማይለየውን ብናኝ ብሩሽ በቀን ሁለት ጊዜ ያሸዋል።

ደረጃ 4፦ ከተቻለ ቁጥሩን አግኙ

አር ዲ ኤ የሚባል መለኪያ አለ። አንድ የጥርስ ሳሙና ከኢናሜል (ከጥርስ ጠንካራ የውጭ ሽፋን) ሥር ያለውን ዴንቲን የተባለ የጥርስ ክፍል ምን ያህል እንደሚፈትግ በቤተ ሙከራ የሚለካ ሲሆን ለማነጻጸሪያ የተያዘው ዱቄት 100 ይሰጠዋል። አይ ኤስ ኦ 11609 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ያስቀመጠው ጣሪያ 250 ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ማኅተም ያለበት ሳሙናም ከ250 አይበልጥም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። 250 ለተፈጥሮ ጥርስ የተቀመጠ ጣሪያ ነው እንጂ ለቬኒር የተሰጠ ፈቃድ አይደለም። ለኮምፖዚት ከ70 በታች ፈልጉ። ለፖርሲሊን ከ70 በታች ቢሆን ይመረጣል፤ እስከ 100 ቢደርስም ይቻላል። ከ100 በላይ የሆነውን ለሌላ ሰው ተዉለት።

ቁጥሩ ቱቦ ላይ አይጻፍም ማለት ይቻላል። የምርቱን ሙሉ ስም ከአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ። ሙሉ ስም ስል ከነቅጽሉ ነው፤ የአንድ ኩባንያ ሁለት ቱቦዎች በአር ዲ ኤ እጅግ ሊራራቁ ይችላሉ።

ቁጥሩ ካልተገኘስ? በደረጃ 3 ያለፈ፣ «ሴንሲቲቭ» የሚል፣ «ኋይት» የሚል ቃል ግን የትም የሌለበት ሳሙና ውሰዱ። ለሚያም ጥርስ የሚሠሩ ሳሙናዎች የተጋለጠ ዴንቲንን ታሳቢ አድርገው ስለሚቀመሙ ብዙዎቹ ዝቅ ያለ ፍትገት አላቸው። «ሴንሲቲቭ ኋይትኒንግ» የሚል ሁለቱን ያጣመረ ከገጠማችሁ እሱን የሚያነጣ ብላችሁ ቁጠሩት።

ደረጃ 5፦ ግዢው

ፒያሳም ሆነ ማራኪ ወይም አዘዞ፣ ከፋርማሲ ግዙ። ምክንያቱ ፋርማሲው የተሻለ ሳሙና ስላለው ብቻ አይደለም፤ ጥላ ውስጥ ስለሚያስቀምጠው ጭምር ነው። በጋሪና በመንገድ ዳር ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የሚውል ቱቦ ውስጡ ይለያያል፤ ስትጨምቁት ፊት ውሃ፣ ኋላ ጠጣር ዱቄት ይወጣል። ያ ዱቄት ነው ቬኒሩን የሚፈትገው።

ለፋርማሲስቱ እንዲህ በሉት፦ «ቬኒር አለኝ። ፍሎራይድ ያለው፣ ለሚያም ጥርስ የሚሆን፣ የማያነጣ ስጠኝ።» ቬኒር የሚለው ቃል ካልገባው «የጥርስ ሽፋን» በሉት።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እነዚህን እዩ፦ የአገልግሎት ማብቂያ ጊዜው አልፏል ወይ? የምርት መለያ ቁጥሩ ቱቦውና ካርቶኑ ላይ አንድ ነው? የቱቦው አፍ ታሽጓል? ዝርዝሩ በማታነቡት ቋንቋ ብቻ የተጻፈ ከሆነ፣ ለምሳሌ በዓረብኛ፣ የሚያነብላችሁ ሰው እስክታገኙ ተዉት። ካርቶን ላይ ያለን ሥዕል አይቶ መግዛት የለም።

ከውጭ ለሚልክ ዘመድ

አሜሪካ ያለ ዘመድ የጥርስ ሳሙና ሲልክ፣ በፍቅር ብዛት፣ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው የሚያነጣውን ነው። ሻንጣው ከመታሰሩ በፊት ቁርጥ ያለ መልእክት ላኩ፦ «እታለም፣ ጥርስ የሚያነጣ የሚባለውን አትላኪልኝ። ፍሎራይድ ያለው፣ ከሰል የሌለበት፣ አር ዲ ኤው ከ70 በታች የሆነ ይሁን። ከመግዛትሽ በፊት የጀርባውን ፎቶ ላኪልኝ።» የመጣውን የሚያነጣ ሳሙና አትጣሉት፤ ቬኒር ለሌለው የቤተሰብ አባል ይሆናል።

ደረጃ 6፦ አጠቃቀሙ

ለስላሳ ሳሙና በጠንካራ ብሩሽ ከተፈተገ ትርፉ ድካም ነው። ብሩሹ ላይ «ሶፍት» የሚል ይኑር። «ሚዲየም» እና «ሃርድ» አይሆኑም።

1. አሲድነት ያለው ነገር፣ ማለትም ሎሚ፣ ለስላሳ መጠጥ ወይም ጠጅ፣ ከቀመሳችሁ በውሃ ተጉመጥምጣችሁ 30 ደቂቃ ጠብቁ።
2. ብሩሹን አርጥቡ። ሳሙናው ከ1 እስከ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ማስታወቂያ ላይ እንደሚታየው ብሩሹን ዳር እስከ ዳር መሙላት አያስፈልግም።
3. ከኋላ ጥርሶች ጀምሩ። ቬኒሮቹ ጋ ስትደርሱ ሳሙናው በምራቅ ቀጥኗል፣ የእጃችሁም ጉልበት ቀንሷል።
4. ብሩሹን ወደ ድዱ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ በትንንሽ ክብ እንቅስቃሴ ሂዱ። ወደ ጎን እንደ መጋዝ አትጎትቱ። የብሩሹ ፀጉር ከተንጨፈረረ እየተጫናችሁ ነው።
5. በድምሩ 2 ደቂቃ፣ ጠዋትና ማታ። የማታው ከመኝታ በፊት፣ ከመጨረሻው ምግብ በኋላ ይሁን።
6. ትፉት። ደጋግማችሁ አትጉመጥመጡ፤ የቀረው ፍሎራይድ ጠርዙ ላይ ይቆይ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለምትኖሩ ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ ለብሩሹም ለአፍም ይበቃል።
7. በቬኒሮቹ መካከል በቀን አንድ ጊዜ የጥርስ ክር አሳልፉ። ክሩን ወደ ላይ መንጭቃችሁ ሳይሆን በጎን ስባችሁ አውጡት።

ቡናን በተመለከተ፦ ማንም ጎንደር ውስጥ ተቀምጦ አቦል፣ ቶና፣ በረካ አትጠጡ ብሎ የሚሰማው አያገኝም። ሥርዓቱ ሲያበቃ አንድ ጉንጭ ውሃ አፋችሁ ውስጥ አዙራችሁ ዋጡት ወይም ትፉት። ኮምፖዚት ላላቸው ከቡናም በላይ የሚያስቸግረው የአልጫው እርድ ነው፤ ጾም ላይ በየቀኑ ስለሚበላ መጉመጥመጡን ልማድ አድርጉት። አዲስ ኮምፖዚት የተሠራላችሁ ለመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት እርድ፣ በርበሬና ቡና ዝለሉ።

መፋቂያን በተመለከተ፦ መተው ለማትፈልጉ፣ ጫፉን በመንጋጋ አላምጣችሁ በደንብ አለስልሱና ለኋላ ጥርሶች ብቻ ተጠቀሙበት። በቬኒር ጥርስ እንጨት አይነከስም፤ ጠርዙ ይሸረፋል።

የአፍ መጉመጥመጫ የምትጠቀሙ ከሆነ አልኮል የሌለበት ይሁን፤ አልኮል የኮምፖዚትን ሬዚን ያለሰልሳል። ክሎርሄክሲዲን የሚባል ጀርም ገዳይ መጉመጥመጫ የታዘዘላችሁ ሐኪሙ ከወሰነው ቀን አታሳልፉ፤ ሲቆይ ቡናማ ቀለም ያሳድራል።

ደረጃ 7፦ ነገሩ ሲበላሽ

ወዙ ጠፍቷል። በደረጃ 2 ምርመራ ነጸብራቁ ከደበዘዘ ሳሙናውን ዛሬውኑ አቁሙ። የጠፋ ወዝ በሌላ ሳሙና አይመለስም። ኮምፖዚት በክሊኒክ እንደገና ይወለወላል፤ ሥራው ቀላል ነው። ፖርሲሊንም በልዩ የመወልወያ ቅባት ሊስተካከል ይችላል፣ ግን የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ካስወለወላችሁ በኋላ ወደ አሮጌው ሳሙና መመለስ ገንዘብ መጣል ነው።

ገጹ በሙሉ ቀለም ይዟል። ኮምፖዚት ከሆነ ከላይ ያለው መፍትሔ ይሠራል። ፖርሲሊን ከሆነ ብዙ ጊዜ የቆሸሸው ላዩ ላይ የተጋገረው የቆሻሻ ንጣፍ ነውና ክሊኒክ አስጸዱት።

ጠርዙ ላይ ቡናማ መስመር ወጥቷል። ይህ የሳሙና ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ማጣበቂያው ሲሳሳ ቀለም ከሥር ይገባል፤ አንዳንዴም የመበስበስ መጀመሪያ ነው። በብሩሽ አትታገሉት፣ ቀጠሮ ያዙ። ብዙ ሰው መስመሩን ሲፈትግ ወራት አሳልፎ ነው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው።

ቀዝቃዛና ትኩስ ያማል። ፖታሲየም ናይትሬት 5 በመቶ ያለው ሳሙና ውሰዱና በተከታታይ እስከ 4 ሳምንት ተጠቀሙ፤ በሁለት ቀን ውጤት አትጠብቁ። ስትነክሱ የሚያም ከሆነ፣ ሕመሙ ትኩሱ ከሄደ በኋላ የሚቆይ ከሆነ፣ ወይም ሌሊት የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ሳምንታት አትጠብቁ።

ድድ ይደማል። ብዙ ሰው ሳሙናውን ይጠረጥርና መቦረሽ ያቆማል፤ ድዱም ይብሳል። የሚያደማው አብዛኛውን ጊዜ ጠርዙ ላይ የተቀመጠው የባክቴሪያ ንጣፍ ነው። በለስላሳ ብሩሽ ቀጥሉ። በ2 ሳምንት ካልቆመ ታዩ።

አፍ ውስጥ ይልጣል ወይም ቁስል ይወጣል። ዝርዝሩ ላይ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ካለ እሱ የሌለበት ቀይሩ። አረፋው ያንሳል፤ ማጽዳቱ ግን አይቀንስም።

ከጎን ያሉት ጥርሶች ከቬኒሮቹ ይልቅ ቢጫ ሆነው ታዩ። የተፈጥሮ ጥርስ በዕድሜና በምግብ ቀለሙ ይለወጣል፤ ቬኒሩ ባለበት ይቆያል። በሚያነጣ ሳሙና ለማመሳሰል መሞከር ቬኒሩን ይፍቃል እንጂ ልዩነቱን አያጠፋም። ከጎን ያሉትን ጥርሶች ለብቻ በክሊኒክ ማስነጣት ይቻላል።

ቬኒሩ ወለቀ። ሳትነክሱበት አውጡት፣ ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ አስቀምጡት፣ በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። በሱፐር ግሉ አትለጥፉ፤ ድድ ያቆስላል፣ ከዚያም በላይ ሐኪሙ በትክክል መልሶ እንዳይገጥመው ያደርጋል።

ደረጃ 8፦ ክሊኒክ ስትሄዱ

ለጽዳት ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ሆነ ወደ ግል ክሊኒክ ስትሄዱ ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት «ቬኒር አለኝ» በሉ፤ የትኞቹ ጥርሶች እንደሆኑም በጣት አሳዩ። ጥሩ ቬኒር ለማያውቀው ሐኪም ከተፈጥሮ ጥርስ ላይለይ ይችላል። ሦስት ነገር ጠይቁ፦

- የፍሎራይድ ጄል ከሆነ አሲድ የሌለበት፣ ገለልተኛ ሶዲየም ፍሎራይድ እንዲሆን። ኤ ፒ ኤፍ የሚባለው አሲዳማ ጄል የፖርሲሊንን ልባስ ይበላል፣ ኮምፖዚትንም ያሻክራል።
- በጠርዙ አካባቢ የሚንቀጠቀጠው ማሽን ሳይሆን የእጅ መሣሪያ እንዲጠቀሙ። የማሽኑ ጫፍ ጠርዝ ሊሸርፍ ይችላል።
- ዱቄት የሚረጭ ማጽጃ ቬኒሮቹ ላይ እንዳይደርስ፤ በምትኩ በጎማ ጫፍና በደቃቅ ቅባት እንዲወለወሉ።

የምትጠቀሙበትን ቱቦም ቦርሳችሁ ውስጥ ጨምሩ። ሐኪሙ ገጹን በማጉያ እያየ ዝርዝሩን ሲያነብ፣ ሳሙናው ይቀጥል ወይም ይቀየር የሚለውን እዚያው ይወስንላችኋል።